ሁለት ግልገል ይዛ የተመለሰችው ፍየል

ያልሰረቀ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ፣ ለየትኛው ጥፋቱ ነው የሚማረው?

አንዲት ጠላ ሻጭ የጎረቤቷን ፍየል ሰርቀሻል ተብላ አምስት ዓመት ተፈረደባት። በሁለተኛው ዓመት ፍየሏ ሁለት ግልገል አስከትላ በገዛ እግሯ ከሳሹ ደጅ ደረሰች። ሴትዮዋ ግን እንደታሰረች ቀረች።

አንድ ቀን ዶክተር አጥናፍሰገድ የሕግ ተማሪዎቻቸውን ነፃ የጥብቅና አገልግሎት ሊያለማምዱ ወደ ማረሚያ ቤቱ መጡ። መዝገቡን ያነበበችው ተማሪ ብሌን፣ "ዶክተር፣ ፍየሏ እኮ ተመልሳለች!" አለች።

"ፍየሏ ተከራካሪ ወገን አይደለችም" አሉ ዶክተሩ። "አጭሩ መንገድ የይቅርታ ቅጽ ነው። እማማ፣ 'ሰርቄአለሁ፣ ተጸጽቻለሁ' ብለው ይፈርሙና ለበዓል ይውጡ። እምቢ ካሉ የቀረዎትን ሦስት ዓመት ይጨርሳሉ።"

ሴትዮዋ በሆዷ 'ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ' አለችና ወደ ብሌን ዞረች።

"ልጄ፣ ምን ብለው ነው ያስተማሩሽ?"

"ባለጉዳይ ያለውን ሳንጨምር ሳንቀንስ እንድንጽፍ።"

"እንግዲያው ጻፊ። ይቅርታ ጠያቂ፦ ከሳሹ፣ ፖሊሱ፣ ዳኛውና ዶክተሩ። ይቅርታ ሰጪ፦ እኔ።"

ብሌን ጽፋ ቀና አለች። "ውሳኔውስ፣ እማማ?"

"አንዳቸውንም ይቅር አልልም፤ ፍየሏንም ጭምር።"