አህያዋ ያለ እሳት ያሞቀችው ውሃ

አንድ ጊዜ፣ ዝናቡ ስምንት ቀን ሙሉ ሳያባራ በጣለበት ክረምት፣ አንዲት አህያ ውርንጭላዋ ታመመባት። ወንዝ ሲሻገር ደራሽ ውሃ ጥሎት ብርዱ አጥንቱ ድረስ ዘልቆ ነበር። እግሮቹ አብጠው መቆም አቅቶታል። በሙቅ ውሃ ካልታሸ እንደማይነሣ እናቱ ታውቃለች። ግን እንጨቱ ርሷል፣ ኩበቱ ሟሙቷል፣ ምድጃው ከቀዘቀዘ ሰንብቷል። አባቱን አትጠይቁኝ፤ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ የዚህችኛዋ ባልማ ከብርድም አላስጣለም።

ይህች አህያ አንድ ዐመል አላት፤ የማታውቀውን ነገር ሳትጠይቅ አታልፍም። ጎረቤቶቿ «ጆሮዋ የረዘመው በጥያቄ ብዛት ነው» እያሉ ያሟታል። አሁንም እየሮጠች ቀበሮ ዘንድ ሄደች።

«እመት ቀበሮ፣ ልጄ ሊሞትብኝ ነው። ሙቅ ውሃ ከየት ላግኝ?»

ቀበሮ ዐይኗን ጨፈን አድርጋ አሰበች። ከአያ ጅቦ ጋር ውል አላት፤ እሷ አታልላ ታመጣለች፣ እሱ ይበላል፣ ትራፊው የእሷ ነው።

«ከገደሉ ማዶ ፍል ውሃ አለልሽ» አለቻት። «ነገ በማለዳ ልጅሽን አዝለሽ ውረጂ።»

«እዚያ እሳቱን የሚያነደው ማነው?»

«ማንም አያነድም። ሙቀቱ ከመሬት ሆድ ነው የሚወጣው።»

«ያለ እሳት? እንዴት ሆኖ?»

«ኤዲያ፣ አንቺ ደግሞ! ሂጂና እዪዋ!»

አህያ ወደ ቤቷ ስትመለስ ነገሩ በሆዷ ይብላላ ጀመር። ያለ እሳት የሚሞቅ ነገር አለ ማለት ነው? ከበረቱ ጀርባ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። ዝናቡ ከበረቱ በተጠረገው የእበት ፍግ ክምር ላይ ይወርዳል፤ ክምሩ ግን ይጨሳል። በየቀኑ አፍንጫዋን ይዛ የምታልፈው ክምር ነው። ኮቴዋን ሰደድ አደረገች፤ ይሞቃል። ጠለቅ አድርጋ ቆፈረች፤ ይፋጃል!

«አንተ ክምር፣ ማን አነደደህ?» አለችው።

ወዲያው ሥራ ጀመረች። ማሰሮ ሙሉ ውሃ ቀድታ፣ ከድና፣ አፉን በጭቃ መርጋ መሐል ክምሩ ውስጥ ቀበረችው። ከላይ ጭድ አለበሰችው። የገደሉንም መንገድ ትታ ውሃው ቀስ ብሎ እስኪሞቅ መጠበቅ ጀመረች።

አያ ጅቦ ከገደሉ ማዶ ሁለት ቀን ተጎልቶ ጠበቀ። በሦስተኛው ቀን ረኃቡ ሲጠናበት ጉሙን ተከናንቦ ራሱ መጣ፤ ቀበሮም ከኋላ ከኋላው። አህያን ክምሩ አጠገብ ቆማ አገኟት።

«እዚህ ምን ቀበርሽ?» አላት ጅቡ።

«ውሃ ነው፣ አያ ጅቦ። ለልጄ ነው።»

«ውሃ ይቀበራል እንዴ? የሚቀበረው ሥጋ ነው!»

«ኧረ እውነቴን ነው!»

«መጀመሪያ እሷን ያዝ» ብላ ቀበሮ ሹክ አለችው።

«ዝም በይ! እሷማ ያቺ አለች፣ የት ትሄዳለች? ሌላ ሳይቀድመኝ የተቀበረውን ላውጣ።»

አህያ ፈራች። ለራሷ አልነበረም፤ ማሰሮው ከተሰበረ ልጇ አለቀለት። ጅቡ ግን በእግሩ ለመቆፈር እንኳ አልታገሠም። አፉን በሰፊው ከፍቶ ክምሩ ውስጥ እስከ አንገቱ ጠለቀ። እንፋሎቱ ጉሮሮውን ሞላው፤ ምላሱ ተለበለበ።

«ዋይ! መሬት ቀቀለችኝ!» እያለ ወደ ገደሉ ፈረጠጠ። ቀበሮማ ቀድማው ሄዳለች።

አህያ በፍርሃት እየቆፈረች ማሰሮውን አወጣችው፤ ደኅና ነው። ክዳኑን ስታነሣ ትኩስ እንፋሎት ፊቷን መታት። ከደስታዋ ብዛት አገር እስኪሰማ አናፋች። የልጇን እግሮች ውሃው እስኪበርድ አሸችለት፤ ማሰሮውን ሞልታም መልሳ ቀበረችው። ደግማ ደጋግማ እንዲህ ስታደርግ ሰነበተች።

በሳምንቱ ውርንጭላው እየተንገዳገደ ተነሣ። ወደ ጡቷ ይመጣል ብላ ስትጠብቅ፣ እሱ አልፏት ክምሩ ዘንድ ሄደና ኮቴውን ሰደደ።

«እማዬ፣ ለምንድን ነው የሚሞቀው?»

እናቱ እንባዋ መጣ። «እኔም አላውቅም ልጄ። ቆይ፣ አብረን እንየው» አለችው።

ከዚህ የምንማረው፣ ሌላው ንቆ የሚያልፈውን ነገር «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ፣ በቸገረው ቀን መላ እንደማያጣ ነው።