የጋሽ ደምሰው የዓሣ ኩሬ

በአንድ ወቅት፣ ዓሣን ጥሬውን መብላት ወግ በሆነበት አንድ የሐይቅ ዳር መንደር፣ ጋሽ ደምሰው የሚባሉ ዓሣ አርቢ ነበሩ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ የሚኖሩት ብቻቸውን ነው። ሦስቱ ልጆቻቸው በሥራና በትዳር ርቀው ስለሄዱ የሰው ድምፅ የሚሰሙት እሑድ ብቻ ነበር። እሑድ እሑድ ጎረቤቱ ኩሬው ዳር ካለው አግዳሚ ላይ ይሰበሰባል፤ እሳቸው ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ አውጥተው ይከትፋሉ፤ ሰዉ ሚጥሚጣ እያስነካ ይበላል። «ትል ቢኖርበትስ?» ለሚል ሰው «ትሉን ሚጥሚጣው ይገድለዋል» ይሉት ነበር።

አልገደለውም። በላተኞቹ ታመሙ፤ ሐኪሙም ከጥሬው ዓሣ የመጣ ትል መሆኑን ነገራቸው። ከዚያ ወዲያ አግዳሚው ባዶውን ቀረ። ጋሽ ደምሰው እሑድ በመጣ ቁጥር ቢላቸውን ስለው ይጠብቃሉ፤ ዝር የሚል የለም። ብቸኝነቱ ሲያንገበግባቸው ልጆቻቸውን አስጠሩ።

«ሰው የመለሰልኝ ኩሬውን ይውረስ» አሉ።

ታላቁ ስንሻው፣ ትሉ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ወደ ዓሣው እንደሚገባ ስለተነገረው ኩሬውን አደረቀ። ጭቃው ውስጥ ተንበርክኮ ቀንድ አውጣውን በእጁ ለቀመ፤ ኖራ ነስንሶ አዲስ ውሃና ጤነኛ የዓሣ ጫጩት አስገባ።

መካከለኛዋ ልጅ ትርሲት ደግሞ የትሉ እንቁላል ከየት እንደሚመጣ ጠየቀች። ከሰው ዓይነ ምድር ነው አሏት። ዝናብ ሲጥል የጎረቤቱ ሽንት ቤት ፍሳሽ ሁሉ ወደ ኩሬው ይወርድ ነበርና፣ ሽንት ቤቶቹን ከኩሬው በታች እንዲያዛውሩ በየደጁ እየዞረች ለመነች። ተሰደበች፤ የልጅነት ጓደኛዋ እስከ ዛሬ ሰላም አትላትም። ሽንት ቤቶቹ ግን ተዛወሩ።

ትንሹ ውብሸት አካፋ አልነካም። ኩሬው ቢጸዳም የሚያምን ስላልነበረ፣ ባዶው አግዳሚ ላይ ከአባቱ ጋር ተቀምጦ በደንብ የበሰለ ዓሣ ይበላ ጀመር። ያልበሰለውን ንክች አላደረገም። ጎረቤቶቹ ወንድ ልጅ ዓሣ ይቀቅላል ወይ ብለው ሳቁበት። ብዙ እሑድ አልፎ አለመታመሙን ሲያዩ ግን አንዱ መጣ፤ ሌላው ተከተለ፤ አግዳሚው ሞላ።

«ትሉን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለ ስንሻው።

«እኔ መንገዱን ባልዘጋሁበት ኖሮ ተመልሶ ይመጣ ነበር» አለች ትርሲት።

«አባባ የጠየቁት ሰው እንዲመለስላቸው ነው» አለ ውብሸት።

ጋሽ ደምሰው ፍርዱን ለሚቀጥለው እሑድ እያሉ ያቆያሉ። ፍርዱን ለመስማት ሦስቱም በየሳምንቱ እየመጡ ነው። ለአንዱ ከሰጡ ሁለቱ አኩርፈው እንደሚቀሩ አባታቸው ያውቃሉ። ዘንድሮ ግን ጉልበታቸው ከዳቸው፤ ሳይናገሩ ቢሞቱ ደግሞ ልጆቹ መጣላታቸው ነው።

እስቲ ፍረዱ፤ ኩሬው ለማን ይገባል?