ሁለት ስልቻ የወሰደው ማሽላ ጠባቂ

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ከሰው ይልቅ ጥርጣሬውን የሚያምን። ጥያቄህን አልረሳሁትም፣ ልጄ። «ጡረታዬን እየበላሁ መሥሪያ ቤቴ ተመልሼ ደመወዝ ብጨምርበት ማን ይጎዳል?» ነው ያልከኝ። እንግዲያው ስማኝ።

የዚህ ገበሬ ማሽላ ከገደሉ አፋፍ ላይ ነበር። ዝንጀሮ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያገኘው የእሱን ነው፤ ያ ማሽላ ከተበላ ደግሞ ልጆቹ ክረምቱን የሚሻገሩበት እህል የላቸውም። መንደሩ ማማ ላይ የሚቀመጥ አንድ ጠባቂ ነበረው። ጠባቂው ሲጮህ ሰው ሁሉ የያዘውን ጥሎ፣ ዱላውን ይዞ ይሮጣል፤ የዝንጀሮ መንጋ በአንድ ሰው አይመለስማ። ለዚህም በየዓመቱ ከአውድማው አንድ ስልቻ ማሽላ ይሰጡት ነበር።

ጠባቂው አረጀ። «ጉልበቴ ከዳኝ፣ ልረፍ» አለ። ሽማግሌዎቹም መረቁት፤ እስኪሞት ድረስ በየዓመቱ የማረፊያ አንድ ስልቻ ቆረጡለት። ነገር ግን ማማውን የሚረከብ ደህና ሰው ጠፋና «እባክህ ተመለስ» አሉት፤ ተመለሰ። ስለ ማረፊያው ስልቻ እነሱም አላነሡ፣ እሱም ዝም አለ። እህሉ ሲወቃ ግን ሁለት ስልቻ ይዞ ከች አለ። አንዱ ለማረፉ፣ አንዱ ለመጠበቁ።

ሌላው ሰው አጉረምርሞ ተወው፤ ገበሬው ግን እንቅልፍ አጣ። ጉልበቱ ደክሞ ከሆነ እንዴት ይጠብቃል? ካልደከመ ደግሞ የማረፊያውን ምን ብሎ ወሰደ? ከሁለት በአንዱ ዋሽቶናል አለ። ከዚያ ወዲያ አረሙን ትቶ ዓይኑን ማማው ላይ ተከለ። ጠባቂው ጎንበስ ሲል «ተኛ» ይላል፤ ወንጭፉን ሲያጮህ «ለታይታ ነው» ይላል። አንድ ቀን ጠባቂው ጮኾ ሰው ቢደርስ፣ ዝንጀሮው ወደ ገደሉ ተመልሷል። «በቃ፣ ገባኝ! ዝንጀሮ ሳይኖር ነው የሚጮኸው» አለ ገበሬው።

ማሽላው ሊታጨድ ጥቂት ሲቀረው፣ ሰዎቹ ዛፍ ጥላ ሥር ምሳ ሲበሉ ከማማው ጩኸት ተሰማ። ጎረቤቶቹ ብድግ ሲሉ ገበሬው ያዛቸው።

«የት ትሄዳላችሁ? ለሁለተኛዋ ስልቻ እኮ ነው የሚጮኸው!»

ሳቁና ተቀመጡ። ጩኸቱ ተደገመ፣ ሰለለ፣ ጠፋ።

ሰዎቹ ምሳቸውን ጨርሰው ሲሄዱ የገበሬው ማሳ አገዳ ብቻ ቀርቶታል። ጠባቂው መሐሉ ላይ ተቀምጧል፤ ከማማው ሲወርድ ወድቆ ጉልበቱ ደምቷል፣ ወንጭፉ እጁ ላይ ነው። ጉልበቱ እውነትም የከዳው ነበር።

«ጠራሁህ እኮ! ያንተ ማሳ መሆኑን እያየሁ በስምህ ጠራሁህ» አለው።

«ሰማሁህ» አለ ገበሬው፣ እንባው እየቀደመው። «ሰማሁህ፤ አላመንኩህም።»

አየህ ልጄ፣ ያ ጠባቂ ደክሞኛል ሲል አልዋሸም፤ ዝንጀሮ መጣ ሲልም አልዋሸም። ገበሬውን ልነቅፈው ፈልጌ ነበር፤ እኔም ብሆን ግን ምሳዬን ትቼ የምነሣ አይመስለኝም። አንተም ሥራህን ጠንቅቀህ ትሠራ ይሆናል። ነገር ግን ጠረጴዛህ ፊት የሚቆመው ባለጉዳይ «አርፌያለሁ» ብለህ የምትወስደውን ያውቃል። እውነቱን ስትነግረውም እንደዚያ ገበሬ ይጠረጥርሃል። ወይ የማረፊያውን ስልቻ መልሰህ ማማህ ላይ ውጣ፣ ወይ ወርደህ እረፍ። ማን ይጎዳል አልከኝ? ሁለቱን ተሸክመህ የጮህክ ቀን የሚጎዳው አንተ አይደለህም፤ ማሳው አፋፍ ላይ ያለው ሰው ነው።