አትጠገብ እና ስም ጠያቂው ጭራቅ

ተረት ተረት። «የጓሮው በር ይከፈት» በሉኝ፤ ካላላችሁ ጭራቁ በየት ይገባል?

ድሮ ድሮ፣ ጭራቅ ሰው ከመብላቱ በፊት ስም በሚጠይቅበት በደጉ ዘመን፣ አንዲት እናት ሦስት ልጆች ነበሯት። ጊዜው ክረምት ነበር። የክረምት ዝናብ ደግሞ አያዳላም፤ ጎመኑንም አረሙንም እኩል ያሳድጋል። እናትየው ወደ ገበያ ስትሄድ፣ «ጓሮውን አርማችሁ ጠብቁኝ» አለቻቸው። ልጆቹም «እሺ» አሉና በጭቃ ሲጫወቱ ዋሉ።

አጥሩ ተንኮሻኮሸ። አንድ ጭራቅ ስልቻ አንግቶ ገባ።

ትልቁን ልጅ አንገቱን ይዞ፣ «ስምህ ማን ነው?» አለው።

«ሙላት።»

«እሰይ፣ ሆዴ ይሞላል» አለና ወደ ስልቻው ወረወረው።

መካከለኛዋን አንገቷን ይዞ፣ «ስምሽ ማን ነው?» አላት።

«ማሬ።»

«እሰይ፣ አፌ ይጣፍጣል» አለና ወደ ስልቻው ወረወራት።

ትንሿን አንገቷን ይዞ፣ «ስምሽ ማን ነው?» አላት።

«አትጠገብ።»

የጭራቁ እጅ ላላ። «ብበላሽ አልጠግብም ማለት ነው?»

ስሟ የወጣላት ዐይን ዐይኗን እያዩ ስለማይጠግቧት ነበር። ግን ለጭራቅ ሁሉ ነገር አይነገርም።

«እንግዲህ ስሜ ነው» አለች።

«አንቺ ቅሪ። እነሱን እበላለሁ።»

«እነሱም ያው ናቸው፣ ጋሼ ጭራቅ። ያንድ እናት ልጆች ነን፤ ሥጋችን አንድ ነው።»

ሙላት ከስልቻው ውስጥ፣ «እውነቷን ነው፤ እኔ ራሴ ጠግቤ አላውቅም» አለ።

ጭራቁ አዘነ። ስልቻውን ገልብጦ ልጆቹን አራገፈ። «ታዲያ ምን ልብላ?»

«ጎመኑን ሳይነኩ ይሄን ቅጠል ይሞክሩት» አለችና አረሙን አሳየችው። በጎመኑ መሀል ያለውን ነቅሎ በላ።

«ጠገቡ?»

«አልጠገብኩም።»

«እንግዲያው ትንሽ ወዲያ።» በቃሪያው ሥር ያለውን ነቅሎ በላ።

«ጠገቡ?»

«አልጠገብኩም።»

«እንግዲያው ትንሽ ወዲያ።» ወዲያ፣ አጥሩ ሥር፣ ልጆቹ ራሳቸው የማይደርሱበት ሳማ አለ። ጭራቁ በሁለት እጁ አፍሶ ጎረሰው።

«ጠገቡ?»

ምላሱ አብጦ አፉ አልገጠም አለው። አጥሩን ጥሶ ወደ ወንዝ ሮጠ፤ እስከ ዛሬ ምላሱን ውሃ ውስጥ ነክሮ ተቀምጧል ይባላል።

እናትየው ስትመለስ ጓሮው ጸድቷል። «ማን አረመው?»

«ጭራቅ።»

«ለውሸቱ እንኳ ትንሽ አትጨነቁም?» አለችና ጎመኑን ቀንጥሳ ቀቀለች። ሙላት ሁለቴ አስጨመረ። አትጠገብን ግን፣ ዐይን ዐይኗን እያዩ፣ አሁንም ማንም አልጠገባት።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ጎመኔን አትንሱኝ።