የታሰረው መረብ

አንዳንዱን ተረት አፋችን ስለለመደው እናወርደዋለን እንጂ ስንት ሰው እንደበላ አንጠይቅም። ይህ ዛሬ የማወራችሁ ከዓሣ አጥማጆች መንደር የወጣ ነው። ታሪኩ ደስ አይልም፤ ግን መነሻውን ያላወቀ ሰው ተረቱን ያለቦታው ይጥለዋል።

ምዝራና ቀንጣ በአንድ ሐይቅ ግራና ቀኝ የተቀመጡ፣ ለየራሳቸው ንጉሥ የሚገብሩ ሁለት አገሮች ነበሩ። ውኃ ላይ ድንበር ማን ያሰምራል? ዓሣው የሄደበት ሁሉም ይሄዳል። አንድ ዓመት ዓሣው አነሰ። ሲያንስ ጊዜ “ድንበሬን አለፍክ” መባባል መጣ፣ ታንኳ መቀማማት መጣ፣ በመጨረሻም ቀንጣዎች ሰባት የምዝራ አጥማጆችን ይዘው አሰሩ። ከሰባቱ አንዱ የቢያድግልኝ ታናሽ ወንድም እሱባለው ነበር።

ቢያድግልኝ ነገር አዋቂ ነው፤ ተከራክሮ ባዶ እጁን ተመልሶ አያውቅም። የምዝራው ንጉሥ “ጦር ከመላኬ በፊት ሰው ልላክ” ብለው እሱን መረጡ። ሲነሣ እናቱ እጁን ይዛ፣ “አባትህን ሐይቁ በልቶት ሬሳውን እንኳ አላየሁም። ወንድምህን ይዘህልኝ ና፤ ሌላ ምንም አልልህም” አለችው።

“እሺ እማዬ” አላት። ከልቡ ነበር።

ሁለት የአባቱን ወንድሞች አስከትሎ ተነሣ፤ ሽማግሌው ቀዛፊ አያ ጥሩነህም በታንኳ አደረሱት። በሐይቁ መካከል ባለች ደሴት ላይ አራት ቀን ተነጋገሩ። ለቀንጣ የቆሙት አባ ወልደየስ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። ተከራክረው ተከራክረው ተስማሙ። የሐይቁ መካከል የጋራ ሆነ። ዓሣ የሚራባበት፣ ውኃ ውስጥ የሚበቅለው ደንገል ከሰኔ እስከ መስከረም ለማንም ተዘጋ፤ ከዚያ ወዲያ እኩል ይጠመድበታል። እስረኞቹም ይፈታሉ።

የቀረው የመረቡ ሥርዓት ብቻ ነበር። በዚያ ሐይቅ ዳር ሰው ሲታረቅ እያንዳንዱ ወገን አሮጌ መረብ ያመጣል። የተቀማ መቅዘፊያ ይሁን ደም የነካው ልብስ፣ ቂም የሚያስነሣውን ሁሉ ይጠቀልልበትና አፉን አስሮ፣ ድንጋይ ጨምሮ ያሰጥመዋል። የሌላውን መረብ የሚፈታ የለም። ምን አለበት ብሎ የሚጠይቅም የለም።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ሁለቱ መረቦች ውኃው ዳር ተቀመጡ። ከቀንጣ በኩል እስረኞቹን የያዙት ታንኳዎች ተነሥተው ይመጣሉ። ቢያድግልኝ ወንድሙን በቁመቱ ለየው፤ ቆሞ እጁን ያወዛውዛል።

ይኼኔ ዝም ቢል ምን ነበረበት? ዓይኑ ግን የቀንጣዎቹ መረብ ላይ አረፈ። አስተሳሰሩ በጣም የጠበቀ ነው። የዓሣ ጫጩት ሳይቀር የሚያፍሰው ቀዳዳው ጠባብ የሆነ መረብ በሁለቱም አገር ክልክል ነበር፤ የተገኘበት ወገን ደንገሉን ያጣል። ‘ያንን ደብቀው ቢሆንስ? ደንገሉ በሙሉ የእኛ ሊሆን አይደል?’ ብሎ አሰበ።

“ይህ መረብ ይፈታ” አለ።

የአባ ወልደየስ ፊት ተለወጠ። “ልጄ፣ ተው። የታሰረ መረብ አይፈታም።”

“የሚደበቅ ከሌለ ምን ያስፈራል?”

“የሚደበቅማ አለ። የእናንተም ውስጥ አለ። ለዚሁ አይደል የምናሰጥመው? ስለ ወንድምህ ብለህ ተው።”

አያ ጥሩነህም ክንዱን ያዙት። “አንተ ልጅ፣ ያገኘነው ይበቃናል።”

“አንዴ ብቻ አያ” ብሎ ቢላውን መዘዘና ማሰሪያውን በጠሰው። እጁን ሰዶ ጎረጎረ። ጠባብ መረብ የለም። የነተበ ጨርቅ ወጣ፤ ከጨርቁ ውስጥ በቀይ ክር የተሰፋ ክታብ እጁ ላይ ወደቀ። ማንጠልጠያው በስለት ተቆርጧል። ያንን ክታብ የሰፋችው እናቱ ናት፤ አባቱ አንድ ቀን ከአንገቱ አውልቆት አያውቅም።

“ሐይቁ አይደለም የበላው” አለ ቀስ ብሎ።

“ወንድሜ ነው” አሉ አባ ወልደየስ። “አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው። እሱም ሞቷል። ነገሩ እዚህ ይቅር ብዬ ነበር ያመጣሁት።”

ቢያድግልኝ ክታቡን መልሶ ሊጠቀልለው ፈለገ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በዚያች ሰዓት ከሞተው አባቱ ይልቅ በሕይወት ያለው ወንድሙ በልጦበት ነበር። ግን አጎቶቹ ከኋላው ቆመው አይተዋል። የወንድማቸውን ደም አይተው እንዴት ዝም ይበሉ? እሱ “ተዉ፣ ቆዩ” ሲል አንደኛው ጦሩን ወርውሯል። አባ ወልደየስ መረቡ ላይ ወደቁ።

ታንኳዎቹ ላይ ያሉት ቀንጣዎች ይህን አዩና ዞሩ። እሱባለው እጁን እንዳነሣ ቀረ፤ የሆነው ነገር አልገባውም። ቢያድግልኝ ውኃው ደረቱ እስኪደርስ ገብቶ ስሙን እየጠራ አለቀሰ።

ሰባቱም በአባ ወልደየስ ደም ተገደሉ፤ አንድም አልተመለሰም። ሐይቁ ስምንት ዓመት የጦር ሜዳ ሆነ። ደንገሉ ውስጥ ዓሣው እንደ ልቡ ረባ፤ ደፍሮ የሚያጠምደው ግን ጠፋ።

ያኔ ገና ጦርነቱ ሲጀመር፣ ሬሳ በሌለበት የእሱባለው ልቅሶ ላይ እናትየው ክታቡን ጨብጣ ተቀምጣለች። ቢያድግልኝን ቀና ብላ አላየችውም። ከሩቅ የመጣ ለቀስተኛ ወደ አያ ጥሩነህ ጠጋ ብሎ፣ “እርቁ አልቆ ነበር ሲባል ሰምተን ነበር፤ ምን ነካው?” አላቸው። አያ ጥሩነህ ውኃ ዳር ብቻውን ወደ ቆመው ቢያድግልኝ ብዙ አዩና፣ “ምን ይነካዋል ልጄ፤ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል” አሉ።