በሕይወቱ የተገነዘ እጅ

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው ሙታንን መገነዝ ነበር።

ስለ ወንድምህ ጠይቀኸኝ ስለ ገናዥ መጀመሬ አይግረምህ፣ አጥናፉ። «ከምትኩ ጋር ከተጣላን ወዲህ ደጁን ረግጬ አላውቅም፤ ቁስል ካልነኩት ይድናል፤ አጠፋሁ ወይ?» ነው ያልከኝ። ቁስልን ያነሳኸው አንተ ነህ። እንግዲህ እስክጨርስ አታቋርጠኝ፤ ማቋረጥ እንደምትወድ አውቃለሁ።

በዚያ አገር የሞተ ሁሉ በዚህ ሰው እጅ ያልፍ ነበር። ሬሳውን አጥቦ፣ ጣቶቹን ዘርግቶ፣ አውራ ጣቱን ከመዳፉ ገጥሞ በነጭ ክር ያስርና በአቡጀዲ ይጠቀልላል። እጁን ሰው ሁሉ ያከብረዋል፤ መጨበጥ ግን ማንም አይወድም። ሚስቱ ሞታበት አንዲት ትንሽ ልጅ ያሳድግ ነበር። እሷ ብቻ ያን እጅ አትፈራውም፤ እንዲያውም እሱ ካላጎረሳት እህል አይወርድላትም።

አንድ ቀን ሬሳ ሲያወርዱ የጉድጓዱ አፍ ተናደና ድንጋይ ቀኝ እጁ ላይ ወደቀ። የእጁ አንጓ ተሰበረ። ወደ ወጌሻ እንውሰድህ ቢሉት እምቢ አለ፤ ማሰርን እኔን ማን ያስተምረኛል ብሎ ነው። ቤቱ ገብቶ በግራ እጁና በጥርሱ እየታገዘ ራሱ አሰረው። የሚያውቀው አስተሳሰር ግን አንድ ብቻ ነው። ጣቶቹን ዘረጋ፣ አውራ ጣቱን ከመዳፉ ገጠመ፣ በነጭ ክር አሰረ፣ በአቡጀዲ ጠቀለለ።

ሲጠቀልለው ሕመሙ ቀለል አለለት። «ካልነኩት ይድናል» አለና ሳይፈታው ከረመ። እየቆየ ሕመሙ ጨርሶ ጠፋ፤ ዳንኩ ብሎም ደስ አለው። ከነገሩ ሁሉ እኔን የሚያስፈራኝ ያ ደስታ ነው።

የቤቱ ውሻ እንደ ድሮው ሮጦ መቀበሉን ተወ፤ በቀኙ በኩል ሲሆን ያጉረመርማል። ጎረቤቶች «ሙታን እጁን ይዘው አስቀሩበት» ይሉ ጀመር። አንድ ቀትር ላይ፣ ነፋሱ እንኳ ዝም ባለበት ሰዓት፣ ከግራር ጥላ ሥር ጋደም ብሎ እንቅልፍ ወሰደው። ሲነቃ ደረቱ ላይ የሰው እጅ አለ። ቀዝቃዛ ነው፤ ይከብዳል። ስንቱን የሬሳ እጅ ያነሳ ሰው በድንጋጤ ጮኸ፤ በግራ እጁ ያዘና ወረወረው። እጁ ግን አልሄደም። ከክንዱ ላይ ተንጠልጥሎ ተመልሶ ጭኑ ላይ ወደቀ፤ የራሱ ነበር።

ልጅቷ ደጃፉ ላይ ቆማ ታይ ነበር። አላለቀሰችም። ስለ ጎረቤት ቀብር እንደምትጠይቅ ሁሉ ረጋ ብላ፣ «አባዬ፣ ይህን እጅ የምንቀብረው መቼ ነው?» አለችው።

ሰውየው በዚያው ለት ወደ ወጌሻዋ ሄደ። ወጌሻዋ አሮጊት ናት። በሩ ላይ ሲቆም እጁን አይታ ከመቀመጫዋ ተነሳች፤ ነጠላዋንም ለሐዘን አዘቀዘቀች።

«ማን ሞተ?» አለችው።

«ማንም አልሞተም፣ እማማ። እጄን አሞኝ ነው።»

«ይህማ ተገንዟል። ማን ገነዘው?»

«እኔ ነኝ» አለ።

አስቀምጣ ፈታችው። እጁ ነጥቷል፣ ከስቷል፣ ጥፍሩ ረዝሟል። ዓይንህን ጨፍን አለችውና መዳፉ ላይ ቁልፍ አኖረች፤ ከዚያ ባቄላ፣ ከዚያ ጠጠር። ምን እንደያዘ አላወቀም። ቀጥላ ከጣቱ ጫፍ ወደ ላይ በእሾህ ትወጋው ጀመር። ጣቱ ዝም፣ መዳፉ ዝም። ከአንጓው በላይ ስትደርስ «ውይ!» አለ። እዚያው ላይ በከሰል አሰመረችና «እስከዚህ ድረስ በሕይወት አለህ» አለችው።

እጁን በሞቀ ውሃ ነክራ መጋጠሚያውን አንድ በአንድ ስታንቀሳቅሰው ሕመሙ ተመለሰ። ሰውየው መልሳ እንድታስርለት እያለቀሰ ለመናት።

«ይህን ሁሉ ሬሳ አጥበሃል፤ አመመኝ ያለህ አለ?» አለችው።

በእርግጥ እሷም አሰረችው፤ ግን በሌላ አኳኋን ነው። ሸንበቆ ሰንጥቃ ደገፈችው፤ ጣቶቹን ጎበጥ፣ አውራ ጣቱን ከእነሱ ፊት ለፊት አድርጋ፣ ዋንጫ ሊያነሳ የተሰናዳ እጅ አስመስላ አሰረችው። ሙት የሚታሰረው ለዕረፍት ነው፤ ሕያው እጅ ግን ሥራውን እየጠበቀ ይታሰራል። በየቀኑም እየፈታ እንዲያሠራው አዘዘችው። ይህ እጅ ሥራው ምን ነበር ብትለው መገነዝ አላት። ሌላስ ብትለው «ልጄን ማጉረስ» አለ።

«እንግዲያው በሱ እንጀምራለን» አለችው።

ጭቃ ሲቆነጥር፣ የራሰ ባቄላ ሲለቅም ከረመ። በሄደ ቁጥር አሮጊቷ የድሮውን መስመር አጥባ ሌላ ታሰምራለች፤ መስመሩም ጥቂት ጥቂት ወደ ጣቶቹ ይወርዳል። ከመስመሩ ወዲያ ያለው ግን ገና የሬሳ ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ላይ በዚያ እጅ እንጀራ ጠቀለለና ወደ ልጁ አፍ ዘረጋ። እሷ ወደ ግድግዳው ሸሸች። እሱም አልመለሰውም፤ ወጡ በክንዱ እየወረደ ዘርግቶ ጠበቃት። ልጅቷ እጁን ስታየው ቆየች። በመጨረሻ ዓይኗን ጨፍና አፏን ከፈተች፤ ከፍርሃቷ የተነሳም ጉርሻውን ከነጣቱ ነከሰችው።

ሰውየው ጮኸ።

«አመመህ?» አለች ዓይኗን ገልጣ።

«አመመኝ!» አለ፤ እያለቀሰም እየሳቀም ነበር።

«እንግዲያው አንቀብረውም» አለችና ዳግመኛ አፏን ከፈተች።

ከጣቶቹ ሁለቱ ሳይዘረጉ ቀሩ፤ አልዋሽህም።

እንግዲህ አጥናፉ፣ የወንድምህን ደጅ አለመርገጥህ ሕመሙን አቅልሎልሃል። ድሮ ስሙ ሲነሳ ፊትህ ይለዋወጥ ነበር። ዛሬ ምትኩ ስትል የማታውቀውን ሰው የምትጠራ መሰልክ፤ ሰምቼህ ደነገጥኩ። አንተ መዳን የምትለው ይህን ነው። የተጣላ ሰው ትንሽ ይራራቅ፣ እኔም አልከለክልም፤ ግን እንደሚመለስ ሰው ሆኖ ይራቅ። አሁን ብትሄድ ይነክስሃል፤ የወንድምህን አፍ አውቀዋለሁ። እንደ ድሮውም ላትሆኑ ትችላላችሁ። ሂድና ይንከስህ፤ አንተም ጩህ። አልሄድም ካልክ ግን አሮጊቷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የጠየቀችውን እኔም እጠይቅሃለሁ፤ ዓይኔን እያየህ መልስልኝ፤ ማን ሞተ?