ስሙን የነገራት ወታደር

አንዲት ተለማማጅ፣ ለምስክሯ ያላነበበችላቸውን ቃል «ተነብቦላቸዋል» ብላ ፈረመችበት።

የምትሠራው በጦርነት ዘመን የተፈጸመ ግፍ በሚመዘግብ የሰብዓዊ መብት ድርጅት ውስጥ ነበር። ምስክር ይናገራል፣ እሷ ትጽፋለች፤ በመጨረሻ የጻፈችውን ታነብለትና አሻራውን ያኖራል። ያን ቀን ወረፋው ረዝሞ ነበርና የእማማ ደብሪቱን ቃል አሳጥራ ጻፈች፤ ማንበቡንም ተወችው። «ጫንያለው ዘገየ የተባለ ወታደርና ጓዶቹ መንደሩን አቃጠሉ» ይላል። ቃሉ በመጽሐፍ ታተመ።

ከዓመት በኋላ እማማ ደብሪቱ መጽሐፉ ሲነበብ ሰምተው ቢሮ መጡ። ተቀመጡ ቢባሉም እምቢ አሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ጫንያለው አቃጠለ ያልኩሽ መቼ ነው?»

«እማማ፣ በስም የጠሩልኝ እሱን ብቻ ነው።»

«ስሙን የነገረኝ እሱ ብቻ ነዋ! ቤት የሚያቃጥል ሰው ስሙን ይናገራል እንዴ? የታሰርኩበትን ገመድ በጥሶ ‹ጫንያለው ዘገየ ነኝ፣ በጸሎትሽ አትርሺኝ› አለኝ። ሠላሳ ዓመት የጸለይኩለትን ሰው በእኔ አንደበት አስኮነንሽው!»

ተለማማጇ ሰውየውን አፈላልጋ እቤቱ ሄደች። ደጃፉ ላይ የለቅሶ ሸራ ተወጥሯል። ሚስቱ ከተቀበረች ሁለተኛ ቀኗ ነው። አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ የተቀመጠባቸው ግን ማንም የለም። መጽሐፉ ከወጣ ወዲህ ጎረቤት ሰላምታ ነስቷቸዋል፤ እድርተኛውም ቀርቷል።

አቶ ጫንያለው ሲያዩዋት ብድግ አሉ።

«ነፍስ ይማር» አለች።

«ያኑርሽ ልጄ። ወዲህ ተቀመጪ፣ እዚያ ፀሐይ ነው። የእሷ ወዳጅ ነሽ?»

«አዎ» አለች።

«እንኳን መጣሽ። በእኔ ጦስ እሷ እንኳ ለቀስተኛ አጥታ ነበር።»

በባዶዎቹ ወንበሮች መካከል ሁለቱ ብቻ እስኪመሽ ተቀመጡ። ተለማማጇ ቃሉን አሳስታ የጻፈችው እሷ መሆኗን ሳትናገር ተነሥታ ሄደች።

ስሕተቱ በሁለተኛው እትም ታረመ። ያን ጊዜ አቶ ጫንያለው ከሚስታቸው ጎን ተቀብረው ነበር።

የተበዳይን ቃል የሚጽፍ እጅ ከቸኮለ እሱም በዳይ ይሆናል። እናንተስ፣ ስለ ሰው የሰማችሁትን ለሌላ ከማውራታችሁ በፊት «እንዲህ ነው ያልከኝ?» ብላችሁ መልሳችሁ ትጠይቃላችሁ?

ተለማማጇ ዛሬ አርባ ዓመት አልፏታል። ይቅርታ ልትለምነው የሚገባትን ሰው አጠገቡ ተቀምጣ ሳትለምነው ቀረች። እናንተ ይቅር በሏት።